ፍራሽ ላይ የማይቀመጡት ሥራ አስኪያጅ

አቶ ተካልኝን በደንብ አላውቃቸውም። ገርጂ ኮንዶሚኒየም አንድ ብሎክ ውስጥ እንኖራለን፤ እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ምድር ላይ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እኔ ሰላምታውን በልቤ ስለማመድ እሳቸው አልፈው ይሄዳሉ። ስለዚህ የምጽፈው ሁሉ ትክክል ላይሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን ደፍሬ እናገራለሁ፤ ሥራ ሳይኖረው ከባለሥራው ሁሉ ቀድሞ ከረባት አስሮ የሚወጣ ሰው የሌለበት ኮንዶሚኒየም አዲስ አበባ ውስጥ የለም። የእኛ እሳቸው ናቸው።

ክቡርነታቸው የአንድ ትልቅ ፍራሽ ፋብሪካ የሽያጭ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ ተፎካካሪ ድርጅት የዋና ሥራ አስኪያጅነት ወንበር አዘጋጅቶ ሲጠራቸው ለቀቁ። ሲለቁ የቀድሞው ፋብሪካ ያስፈረማቸውን ውል አስታወሳቸው። ለአንድ ዓመት ለሌላ ፍራሽ ሠሪ እንዳይሠሩ፣ የሚያውቁትንም ለማንም እንዳያካፍሉ፣ «በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ»። አዲሱ ድርጅት «እንጠብቅዎታለን» አለ። አቶ ተካልኝም ቤታቸው ሆነው ወንበሩን ይጠብቁ ጀመር።

ሌላ ሰው ቢሆን ዓመቱን ተኝቶ ያሳልፈዋል። እሳቸው ግን ውሉን እንደ ጾም ያዙት። ስለ ፍራሽ ቀርቶ ስለ ትራስም ትንፍሽ አይሉም። ቦሌ መንገድ ላይ የተፎካካሪ ማስታወቂያ ሲያዩ አንገታቸውን ያዞራሉ። አንድ ቀን ከመገናኛ አብረን ታክሲ ተሳፍረን፣ ረዳቱ የሰው ፍራሽ ጣሪያው ላይ ሲጭን ወርደው በእግራቸው ሄዱ።

ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ፀደንያ ሠርጓ ሲደርስ ደረጃ ላይ ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ ስፖንጅ ይሻለኛል ስፕሪንግ?»

ግራ ቀኛቸውን አዩ። «በዚህ ጉዳይ አስተያየት መስጠት አልችልም።»

«ኧረ ጋሼ፣ ማን ይሰማናል? የምተኛበት እኮ እኔ ነኝ።»

«የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ» ብለው ወረዱ። ፀደንያ የመሰላትን ገዛች። ባሏ እስከ ዛሬ ደረጃ የሚወጣው ወገቡን ይዞ ነው።

ጠዋት ጠዋት ከረባት አስረው የሚሄዱት ሩቅ አይደለም፤ ከብሎካችን ሥር እስካለችው ካፌ ነው። እዚያ ጎረቤታቸው ገመዳ ይጠብቃቸዋል። ገመዳ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። የብሎካችን ሰው ሁሉ «ሥራ እንዴት ነው? ወንበሩስ?» እያለ ሲነዘንዛቸው እሱ ግን አንድም ቀን አልጠየቃቸውም። ወንበር በእግሩ ገፋ ያደርግና «ቁጭ በል» ይላቸዋል። በቃ። ሻይ ይጠጣሉ፤ ስለ ኳስ ይከራከራሉ።

ሰኔ ላይ ገመዳ በድንገት ሞተ።

እድሩ ድንኳን ተከለ፤ አዲስ የገዛቸውንም ፍራሾች ዙሪያውን አነጠፈ። ገብቼ ስቀመጥ ዓይኔ ፍራሹ ላይ አረፈ። የዚያ የቦሌ መድኃኔዓለሙ ድርጅት ስም በትልቁ ታትሞበታል። አቶ ተካልኝም ሲገቡ አዩት። የድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ሄደው ቆሙ። በማግስቱም ቆሙ። በሠልስቱም እንደቆሙ ነበሩ።

ለቀስተኛው ግን ያየው ሌላ ነገር ነው።

«ወንድሙ ናቸው?»

«ከወንድምም በላይ እንጂ። ወንድሙማ ያውልህ፣ ተቀምጦ ንፍሮ ይበላል።»

አንዲት ሴትዮ ልትወጣ ተነስታ ሳለ አይታቸው እንደ አዲስ አለቀሰች። አንድ ሽማግሌም «እንዲህ ያለ ሐዘን ድሮ ቀርቷል» አሉ። ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ፣ አፌን በጋቢዬ ሸፍኜ ሳቄን እውጥ ነበር።

በሠልስቱ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ወንድወሰን ይባላል። የገመዳ ደንበኛ ነበር፤ በአቶ ተካልኝ የቀድሞ ፋብሪካም የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነው።

«ምን ሆነው ነው የማይቀመጡት?» አለኝ።

«ውሉ ነዋ» አልኩት በሹክሹክታ። «ፍራሹ የተፎካካሪ ነው።»

«የምን ውል? እሱማ ጥር ላይ አለቀ። እነዚያ የቦሌዎቹም መጠበቅ ሰልችቷቸው ቦታውን ለሌላ ሰጥተዋል። አልነገሯችሁም?»

ጋቢዬን ከአፌ ላይ አወረድኩ። ዞር ብዬ አየኋቸው። ከረባታቸው እንደታሰረ ነው።

ይኼኔ የገመዳ ሚስት ሎሚ ከሴቶቹ መሀል ቀና አለች። «ጋሽ ተካልኝ፣ እባክዎ ይበቃል። ገመዳ ቢኖር ቁጭ በል ይልዎት ነበር።»

አቶ ተካልኝ ፍራሹን አዩት። ከዚያ እዚያው ምሰሶው ሥር፣ ባዶ መሬት ላይ፣ ከነሱፋቸው ቁጭ አሉና ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። «ድሮ ቀርቷል» ያሉት ሽማግሌ አፍረው ከፍራሻቸው ወረዱ። ቀጥሎ ንፍሮ የሚበላው ወንድም ወረደ። ቀጥሎ ሁላችንም። ፍራሾቹ ለሽያጭ የቀረቡ ይመስል ባዷቸውን ተደረደሩ፤ እኛ ጠጠር ላይ። ይህን ያህል ሰው ከተፎካካሪ ፍራሽ ላይ ያስነሳ የሽያጭ ሥራ አስኪያጅ በአገሩ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ልጠይቃቸው እያሰብኩ ስንት ጊዜ ፈራሁ። ሰሞኑን ግን አንድ ጠዋት ቀድሜያቸው ካፌው ገባሁ። ሲመጡ ወንበር በእግሬ ለመግፋት ድፍረት ስላጣሁ በእጄ ሳብኩላቸው።

«ይቀመጡ» አልኳቸው።

ተቀመጡ። ሻይ መጣ። ስለ ኳስ የማውቀው ነገር ስለሌለ ሻዬን ደጋግሜ አማሰልኩ። በመጨረሻ አመለጠኝ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ የቆሙት… ለውሉ ነው ለገመዳ?»

ግራ ቀኛቸውን አዩ። ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«በዚህ ጉዳይ አስተያየት መስጠት አልችልም» አሉኝ። «በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ።»