እትዬ የአንጎል መስመር ሲያነቡ

ሆስፒታል የተኛ ሰው ሁሉ ሁለት ሐኪም አለው፤ አንዱ የተማረ፣ ሌላው ዘመድ። የተማረው ጠዋትና ማታ ብቅ ይላል። ዘመድየው ከአልጋው ሥር ንቅንቅ አይልም።

ለአራት ዓመቷ ልጅ የደረሷት ዘመድ ሐኪም የአባቷ ታላቅ እህት ነበሩ፤ በሙያቸው ልብስ ሰፊ፣ በገዛ ሹመታቸው ፕሮፌሰር። ቤተሰቡ ፊት ለፊት «እትዬ» ይላቸዋል፤ ዘወር ሲሉ «ክብርት ፕሮፌሰር»።

ልጅቷ ትኩሳት አንዘፍዝፎ ከጣላት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በመድኃኒት አስተኝተዋት፣ ጭንቅላቷ ላይ ሃያ አንድ ቀጫጭን ሽቦ ለጥፈው፣ የአንጎሏን ሁኔታ በስክሪን ይከታተላሉ።

«ሰውነቷ ዝም ብሎ አንጎሏ ብቻ ሊንዘፈዘፍ ይችላል» ብላለች ሐኪሟ። «ያንን የሚያሳየን ይሄ መስመር ነው። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ካልታየ፣ የሚያስተኛትን መድኃኒት መቀነስ እንጀምራለን።»

እናትየው ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም፤ የምታየው ግን አይገባትም። እትዬ ገብቷቸዋል።

«ይሄ ደህና ስፌት ነው። ያ የተጨማደደው ክሩ ጠብቆ ነው፤ ነርሷ ታላላው።»

«እትዬ፣ እባክዎ ይተዉ።»

«ምኑን ነው የምተወው? ሠላሳ ዓመት መርፌ ሲሄድ ያየሁ ሰው ነኝ።»

በዚያው ቀን ለነርሷ የግሉኮስ አሰቃቀል አስተማሩ። መተንፈሻ ማሽኑ ዘይት እንደሚያስፈልገው አስታወቁ። የጎረቤት አልጋ ላይ ላለው ልጅ አባት፣ ምንም ሳይጠይቃቸው፣ ልጁ ሐሙስ እንደሚወጣ ቀን ቆረጡለት። ሰውየው አመስግኗቸው አለቀሰ።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መስመሮቹ ተናወጡ። ተራራና ሸለቆ፣ ተራራና ሸለቆ፣ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ። ሐኪሟ እየሮጠች ገባች። ነርሷ መድኃኒት በሲሪንጅ ቀዳች።

«ተመልሶ መጣ?» አለች እናትየው።

«ይመስላል። መድኃኒት መጨመር አለብን፤ ችግሩ ደም ግፊቷን ያወርደዋል።»

እናትየው የአልጋውን ብረት ያዘች። እትዬ ማዶ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ብርድ ልብሱ ሥር ነው፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። እጃቸውን አቆሙ። የመስመሩም መናወጥ ቆመ።

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ጎኗን መታ መታ እያደረግኩ ነበር። ሕፃን ሳለች እንዲያ ነበር የምትተኛልኝ።»

«እስቲ ይድገሙት።»

መታ መታ አደረጉ። ተራራና ሸለቆ። ተዉ። ጸጥ። ሐኪሟ ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው፤ ከዚያ «የተነቃነቁት ሽቦዎቹ ናቸው እንጂ አንጎሏ አልተንዘፈዘፈም» አለችና ሲሪንጁን ከነርሷ እጅ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ስድስት ሰዓት ላይ የሚያስተኛት መድኃኒት መቀነስ ጀመረ። እትዬ ወንበራቸውን ግድግዳው ጥግ ወስደው፣ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ቀብረው ተቀምጠዋል። ነርሷ ግሉኮሱን ስትቀይር እንኳ ቃል አልወጣቸውም። እናትየው ሦስት ቀን ሙሉ የተመኘችው ዝምታ ይኸው ነበር፤ ሲመጣ ግን አልቻለችውም። ሄዳ አንድ እጃቸውን መዘዘችና የልጅቷ እግር ላይ አኖረችው።

«ያዙላት። ዝም ብሎ መያዝ መስመሩን አይነካም ብላለች ዶክተሯ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ እትዬ፤ ሌላውንም እጃቸውን ከብብታቸው አወጡ።