ጠፍሩን ያዝ

ባሏን ቅጠል ያበላች ሴት ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ያውም ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ዓይኑን በልጃችን ሻርፕ አስሬ። ጫት እንዳይመስላችሁ። ጫትማ ቢሆን ማን ይገረማል? ግራዋ ነው ያበላሁት። ግራዋ እንዴት እንደሚመር የማያውቅ ካለ ይምጣና ጌታሁንን ይጠይቅ። እስካሁን ስሙ ሲጠራ ፊቱ ይጨማደዳል።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ባሌ የጌጃ ሰፈር ልጅ ነው። ዲግሪው በደን ሳይንስ ነው። የጌጃ ሰፈር ልጅ ከደን ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ። ሕክምና ሞላ፣ ደን ደረሰው፣ አለቀ። ተመርቆ መጣና ፍርድ ቤቱ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረ። አምስት ዓመት የሰው ክስ ሲያባዛ ኖረ። ሲከፋው፣ "በወረቀት የጨረስኩት ዛፍ ከተማርኩት ይበልጣል" ይለኛል። በዚህ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሊፈርስ ነው ተብሎ ግድግዳው ላይ ቀይ ኤክስ ተደረገበት። እኔ ያንን ኤክስ ካየሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ድሮም ያን ያህል አልነበረኝም። ልጄ ናሆም ካስነጠሰ ሳንባ ምች ነው፣ ካላስነጠሰ ደግሞ ለምን ዝም አለ እላለሁ።

በዚሁ ሰሞን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የደን ባለሙያ እፈልጋለሁ አለ። ጌታሁን አመለከተ፣ የጽሑፍ ፈተናውን ወሰደ። ውጤት ሲለጠፍ ስሙን ያገኘሁት እኔ ነኝ። አዎ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኔ! በጣቴ ፊደል በፊደል እየሄድኩ ደረስኩበት። ባለዲግሪው ተንቀጥቅጦ መነጽሩን ጥሎ መሬት ለመሬት ሲፈልግ ነበር።

አልፏል። ግን አንድ ፈተና ይቀራል። ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ ቅጠል ይደረደራል፣ ተፈታኙ አንድ በአንድ ስማቸውን ይጠራል። ታዲያ ይሄ ምን ያስፈራል? አልኩ። ወደ መስኮቱ ጎተትኩትና፣ "እስቲ ያ ከሱቁ አጠገብ ያለው ምን ዛፍ ነው?" አልኩት። መጽሐፉን ገለጠ። እንደ ቅዳሴ የረዘመ የፈረንጅ ስም ጠራልኝና፣ "ይመስለኛል" አለ። ዛፉ ባህር ዛፍ ነበር! ያን ቀን ገባኝ። ባሌ ዛፍን የሚያውቀው በወረቀት ነው። ቅጠሉን ብታሳዩት እንደማያውቀው ዘመድ ሰላም ብሎት ያልፋል።

እኔ ደግሞ ዛፍ የማውቀው ከማገዶ ለቀማ ነው። ለቀማ ስል ለራሴ አክብሮት ሰጥቼ ነው። ስርቆት ነበር። ያደግኩት ደጋ ነው፣ ከመንግሥት ደን ሥር። ከእናቴ ጋር ገብተን፣ እንጨቱን በጠፍር ጠፍረን፣ ተሸክመን ሩጫ ነው። የደን ጠባቂው ሲመጣ ሸክም ይጣላል። አሥር ዓመቴ ላይ ግን ደንግጬ ጠፍሩንም ጣልኩት፣ ወሰደው። እናቴ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። እንጨትማ ነገም ይበቅላል፣ የቆዳ ጠፍር ከየት ይመጣል? ከዚያ በኋላ የደን ጠባቂ ሳልረግም የተኛሁበት ቀን የለም። አሁን ደግሞ ልደታ ማርያም ደጅ ቆሜ፣ "እናቴ፣ ባሌን ደን ጠባቂ አድርጊልኝ፣ ዣንጥላ አስገባለሁ" እላለሁ። የድሮውንም ሰምታኝ ከነበረ ግራ ሳይገባት አይቀርም።

ብቻ እናቴ ጋ ደወልኩ። ቅጠል ላኪልኝ፣ የሁሉንም ዛፍ፣ አልኳት። "ለአማቼ ነው? ለአማቼማ ጫካውን ነቅዬ እልካለሁ!" አለች። በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ አንድ ኬሻ ቅጠልና ጭራሮ መጣ። በምን ታስሮ? በጠፍሯ! "ጠፍሬን በመጣበት አውቶቡስ መልሺ፣ መሸከሚያ ሌላ የለኝም" ብላ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ። መለስኩላት።

ትምህርት ተጀመረ። መጽሐፉን አልጋ ሥር ከተትኩት። ዓይኑን አሰርኩና አሽት፣ ዳብስ፣ ቅመስ አልኩት። እኔ የማስተምረው እንደማውቀው ነው። ይሄ ቀሚሴን የቀደደው ግራር ነው። ይሄ እየተንጣጣ የሚነደው ጥድ ነው። ብሳናን ከዋንዛ መለየት ሲያቅተው የብሳናውን ቅጠል ለስላሳ ጀርባ ጉንጩ ላይ አሸሁለት። ወይራን በጭሱ እንዲያውቅ ኮሪደሩ ላይ ምድጃ አውጥቼ ጭራሮውን ለኮስኩት። ጭሱ ፎቅ ለፎቅ ሄደ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ አስካለ እያሳሉ ወጡ። ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? ጌታሁን ዓይኑን ታስሮ፣ ቅጠል እያኘከ፣ ጭስ እያሸተተ፣ "ወይራ! ወይራ!" እያለ ይጮኻል። እኔ ልጅ አዝዬ አጨበጭባለሁ።

እትዬ አስካለ አማተቡ። ወደ ጎን ሳብ አድርገውኝ፣ "ልጄ፣ ምን ነካው? ምነው እኔን ሳታማክሪኝ? ጠበል ይሻለው ነበር" አሉኝ።

"ለሥራ ነው እትዬ" አልኳቸው።

"ምን ዓይነት ሥራ?"

"የመንግሥት።"

"እሱስ እውነትሽን ነው" ብለው ወረዱ።

የፈተናው ቀን እኔ ግቢው በር ላይ ናሆምን አዝዬ ቆምኩ። እያንዳንዱን ጣቴን ነክሼ ጨረስኩ። ውስጥ የሆነውን እሱ ነው የነገረኝ። ጌታሁን የመጀመሪያውን ቅጠል አነሳና አሸተተው። ፈታኞቹ ተያዩ። ሁለተኛውን ቀመሰው። "ይሄ ወይራ ነው፣ ጭሱ ጥሩ ነው፣ እሳቱ ይቆያል። ይሄ ጥድ ነው፣ ይንጣጣል፣ ሕፃን አጠገብ አይነድም" እያለ ዘረዘረው። አንደኛው ፈታኝ፣ "የማገዶውን ነገር ማን ጠየቀህ? አንተ የት ነው የተማርከው?" አለው። "ልደታ፣ አራተኛ ፎቅ" አለ ባሌ። ሠላሳውንም ጠራ። ግራዋ ጋ ሲደርስ ግን አልቀመሰም፣ ከሩቁ ነው የለየው።

አለፈ! እልል ስል ናሆም ደንግጦ አለቀሰ፣ እሱ ሲያለቅስ እኔም አለቀስኩ፣ የበሩ ጥበቃ ሰው የሞተብኝ መስሎት አጽናናኝ።

ከዚያ ምደባ መጣ። ምደባ በዕጣ ነው። ጅብ ያለበት ቢደርሰውስ? እባብ? ኔትወርክ የሌለበት? ጌታሁን ዕጣውን አነሳና ስልክ ደወለ። የወረዳውን ስም ሲጠራልኝ ወንበር ያዝኩ። የኔ አገር! የተወለድኩበት! ከእናቴ ቤት ጓሮ ያለው ደን! ልደታ ማርያም ሰማችኝ ብዬ ኮሪደሩን ጨፈርኩበት። እናቴም ደውላ፣ "ጫካው የአማቼ ሆነ በይኛ!" ብላ ሳቀች። ያ ሳቅ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

አሁን ጥፋቴን ስሙ። እኔና ናሆም እዚሁ ልንቀር፣ እሱ በየሁለት ሳምንቱ ሊመላለስ ነው። እንዳይሸወድብኝ ብዬ፣ በደስታ ሰክሬ፣ የምስጢር ከረጢቴን ዘረገፍኩለት። እንጨት የሚወጣው በሦስት መንገድ ነው አልኩት። በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ በወፍጮ ቤቱ ሥር፣ በወንዙ ዳር። ደግሞ ሴቶቹን አታባር፣ አትደርስባቸውም አልኩት። ሸክም ጥለው ይሮጣሉ፣ አንተ ጠፍሩን ያዝ፣ ተቀመጥበት፣ ለጠፍሯ ስትል በራሷ እግር ትመለሳለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ወንዙ ዳር አደፈጠ። አንዲት ሴት ሸክሟን ጥላ ሮጠች። ጠፍሩን ይዞ ተቀመጠበት። ብዙም አልቆየ፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና መጣች። "ጌታዬ፣ ጠፍሩን ብቻ፣ ስለ ማርያም" እያለች ቀና አለች።

እናቴ ናት።

ምን ይባላል? ጌታሁን ብድግ አለና ሰላምታ ጀመሩ።

"እንዴት ዋሉ እማማ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት ዋሉ? ልጄ ስንቱ ደህና ናት? ሕፃኑ ጥርስ አወጣ?"

"ሁለት አወጣ።"

"ሁለት! እሰይ የኔ ጌታ!"

ይሄ ሁሉ ሲሆን እንጨቱ መሃላቸው ተጋድሟል። በመጨረሻ ጌታሁን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እማማ፣ ይሄ እንጨት የእርስዎ ነው?" አለ።

"የቱ እንጨት?" አለች እናቴ።

ጠፍሩን አልመለሰላትም። ሕግ ነው አላት። "ሕጉን ማን አስተማረዎ?" አለችው። ዩኒቨርሲቲ አለ። "መንገዱንስ?" ጌታሁን ውሸት አይችልም፣ ዝም አለ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ዝምታ ግን አሳምራ ታነባለች።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። "ስንታየሁ" አለችኝ። ስንቱ ሳይሆን ስንታየሁ ስባል ነገር አለ ማለት ነው። "መንገዱን ማን ነገረው?"

"እማዬ ኔትወርክ የለም፣ አይሰማም!"

"እኔን ይሰማኛል!"

ዘጋሁት።

የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ቤት ጠፍር የሚባል ነገር ቅጹ ላይ የለም ብሎ አልረከብም ስላለ ጌታሁን ቤት ይዞት መጣ። ኮሪደሩ ላይ ወጠርኩትና የናሆምን ልብስ አሰጣበት ጀመር። እናቴ ለግንቦት ልደታ መጣች። ጠፍሩን አየችው። ከእትዬ አስካለ ጋር ግቢ ወርዳ ንፍሮ በላች፣ ናሆምን ሳመች፣ አማቿን መረቀች፣ ሄደች። እኔ ወጣ ብል የናሆም ልብስ እጥፍ እጥፍ ብሎ ሳፋው ውስጥ ተቀምጧል። ጠፍሩ የለም።

"ኤግዚቢቱ!" አለ ጌታሁን። ከፍርድ ቤት ጎረቤት የኖረ ሰው ነው እኮ። ከዚያ ተረጋጋና ጣቱን ይቆጥር ገባ። ጓሮው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ወንዙ። "ግድ የለም፣ ከሦስቱ ባንዱ ትመጣለች። ሦስት ናቸው አይደል ስንቱ?"

"ሦስት ናቸው" አልኩት።

አራት ናቸው።