የኦቦ ገመቹ መቅረጫ ማሽን

የሚለካ እንጂ የማይቆርጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ እዚህ አምቦ ጎረቤቴ ናቸው። የፊዚክስ መምህሩ ኦቦ ገመቹ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ገዙ። ዕቃው ተበታትኖ በካርቶን መጣ፤ እሳቸውም የምግብ ጠረጴዛው ላይ ገጣጠሙት። ከዚያ ወዲያ ብሎን ያጠብቃሉ፣ ይለካሉ፣ ያላላሉ፣ ደግሞ ይለካሉ። ቤተሰቡም ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ መብላት ለመደ።

«የፀጉር ግማሽ ያህል ይዛነፋል» አሉኝ፣ እንደ ሐዘንተኛ አንገታቸውን ደፍተው።

«ኦቦ ገመቹ፣ የፀጉር ግማሽ ማን ያያል?»

«እኔ!»

በዚህ መሐል ሴት ልጃቸውን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሑድ እንደሚመጡ ተሰማ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ «ወይ ይቁረጥ፣ ወይ ከጠረጴዛዬ ይውረድ!» አሉ። ኦቦ ገመቹም «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ሰሌዳ ቀርጸው በር ላይ ሊሰቅሉ ቃል ገቡ።

ቅዳሜ ማሽኑ መቅረጽ ጀመረ። ፊደሉ ውብ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ! ለካስ ያን ሁሉ ሲለኩ ከርመው፣ ወደ ታች ምን ያህል ጠልቆ እንደሚቆርጥ ማስተካከሉን ረስተውታል። ማሽኑ ጣውላውን በስቶ ጽሑፉን ጠረጴዛው ላይ ቀረጸው። አዴ ጫልቱ ጮኹ። ኦቦ ገመቹ ማስመሪያ አውጥተው ለኩ።

«ጫልቱ፣ ምንም አልተዛነፈም እኮ!»

እሑድ ጠረጴዛው ጨርቅ ለበሰ። ትልቁ ሽማግሌ ግን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ጨርቁን ገልጠው አነበቡ። 

«ጠረጴዛው ሳይቀር እንግዳ የሚቀበልበት ቤት ነው፤ እኛ ልጅ ከዚህ ቤት ነው የምንፈልገው» አሉ።

ልጅቷ ተሰጠች። ኦቦ ገመቹም በነገሩ ተበረታተው አሁን ወንበሮቹን መለካት ጀምረዋል።