የዲሬክተሩ አበልጅ

በዚህ አገር ሰው የሚያድገው በእውቀቱና በትጋቱ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደህና አድርጋችሁ እዩት። ወይ ገና ትናንት የተመረቀ ነው፣ ወይ አጎቱ ሚኒስትር ነው!

እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ቡታጅራ ስመደብ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነበርሁ። አጎት የለኝማ! ሰሌዳዬን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እያጸዳሁ፣ የትምህርት ዕቅዴን በቀይና በሰማያዊ ቀለም እያሰመርሁ፣ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ «ይህን የመሰለ መምህርማ እኛ ዘንድ ይምጣ» የሚል ጥሪ ይደርሰኛል ብዬ እጠብቅ ነበር። ጠበቅሁ... ጠበቅሁ... ሰሌዳው ከመጽዳቱ ብዛት ሳሳ።

አዲስ አበባን የፈለግሁት ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። እዚያ የማታ ዩኒቨርሲቲ አለ። ቀን እያስተማርሁ ማታ እማራለሁ፣ ዲግሪ እይዛለሁ፣ ከዚያ በኋላ... ከዚያ በኋላማ ማን ያውቃል! ቡታጅራ ግን ማታ ያለው ጅብ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዲግሪ አይሰጥም። ስለዚህ ዝውውር ያስፈልገኛል። ዝውውር በየዓመቱ ከትምህርት ቤታችን ለአንድ መምህር ብቻ ነው የሚፈቀደው። ያን አንድ መምህር የሚመርጡት ደግሞ ዲሬክተራችን አቶ በላቸው ናቸው።

አንድ ጊዜ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዳ ሰብስበውን «በሕይወትና በሥራ ለመሳካት ከሰዎች ጋር መልካም ግንኙነት መመሥረት» ስለሚባል ነገር ረጅም ንግግር አደረጉልን። ሌሎቹ መምህራን ለንግግሩ ማለቅ አጨበጨቡ። እኔ ግን እንደ ትምህርት ተቀበልሁት፤ ቤቴ ገብቼም አጠናሁት።

መምህር ነኝና ነገርን ከፋፍዬ ካላስረዳሁ ምግብ አይፈጭልኝም፤ ታገሡኝ። ግንኙነት ደረጃ አለው። የታችኛው የሰላምታ ነው፤ ባርኔጣ ማንሳት፣ ጎንበስ ማለት፣ «እንዴት አደሩ»ን ጎትቶ ጎትቶ ማርዘም። ከዚያ ከፍ ሲል ደጅ ጥናት ይመጣል። ከሥራ በኋላ ከሰውየው በር ላይ ምንም የማይፈልጉ መስሎ መቆም ነው። (ልብ በሉ! መፈለግ ማንም ይችላል፤ እየፈለጉ የማይፈልጉ መምሰል ግን ብዙ ልምምድ ይጠይቃል።) ከሁሉ በላይ ያለው ግን አበልጅነት ነው። የሥጋ ዘመድ በድንበር ተጣልቶ ፍርድ ቤት ያቆማችኋል። ልጁን ክርስትና ያነሳችሁለት ሰው ግን ክፉ አይናገራችሁም፤ እናንተም አትናገሩትም። እስከ ዕድሜ ልክ የእናንተ ነው።

እንግዲህ በዚያን ሰሞን የአቶ በላቸው ባለቤት ወይዘሮ ዘነበች ነፍሰ ጡር ነበሩ።

ገባችሁ?

ሥራ ጀመርሁ። የአቶ በላቸውን አጥር አጠበቅሁ። ጓሯቸውን ኮተኮትሁ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከጎናቸው ቆሜ ሲሰግዱ ሰገድሁ፤ ሲያዛጉም አዛጋሁ። የወይዘሮ ዘነበች ወጥ በርበሬው ዓይኔን ሲያስለቅሰኝ «የእናቴ እጅ ትዝ ብሎኝ ነው» አልሁ። እናቴ ብትሰማ ኖሮ በርበሬው ቀርቶ እሷ ታስለቅሰኝ ነበር።

የሒሳብ መምህራችን መርጊያ ግን የተለየ ፍጥረት ነው። የጉንችሬ ልጅ ነው፤ ምላሱ ምላጭ ነው። ስብሰባ በተደረገ ቁጥር እጁን ያወጣና «ተማሪዎቹ ያመረቱት ድንች የት ገባ?» ይላል። የት እንደገባ እኔ አውቅ ነበር፤ እሑድ ዕለት ከሥጋ ጋር ተሠርቶ በልቼዋለሁ። ግን መልካም ግንኙነት የሚመሠርት ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብሎ አያስታውስም።

አንድ ቀን መርጊያ ከነመዶሻዬ አጥሩ ሥር አገኘኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ የተቀጠርከው ለአናጢነት ነው እንዴ?»

«ግንኙነት ነው መርጊያ፣ ግንኙነት!»

«እኛ አገር እንኳ ሎሌነት ነው የሚባለው።»

አዘንሁለት። ይህ ምስኪን በዚህ አፉ ቡታጅራ ላይ ሊያረጅ ነው፣ አልሁ በልቤ።

የእኔ ነገር ግን እየሰመረ ሄደ። ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው እሑድ አቶ በላቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «መምህር፣ እግዜር ወንድ ከሰጠኝ ክርስትና የምታነሳው አንተ ነህ» አሉኝ። ሰው የሚሰማው የሚፈልገውን ግማሽ ብቻ ነውና እኔም «የምታነሳው አንተ ነህ» የምትለዋን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

በፋሲካ ማግስት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የወይዘሮ ዘነበች ምጥ መጣ ተባለ። ሮጬ ደረስሁ። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ቆመናል። አቶ በላቸው ይንጎራደዳሉ፤ እኔም ከኋላቸው እንጎራደዳለሁ። ድንገት ከውስጥ እልልታው ቀለጠ! እናንተም እንደምታውቁት ለወንድ ልጅ እልልታው ብዙ ነው፤ ለሴት ያንሳል። እኔ በጣቴ መቁጠር ጀመርሁ። እልል... እልል... እልል... ጸጥ።

«ቀጥሉ እንጂ!» ብዬ ጮህሁ።

ግቢው በሙሉ ዞሮ አየኝ። አዋላጇ ብቅ አሉና «ሴት ናት፤ እንኳን ማርያም ማረቻት በሉ» አሉን። አቶ በላቸው በደስታ ሰማይ ሊነኩ ደረሱ። እኔ የአጥሩን እንጨት ይዤ ቀረሁ። ሴት ልጅን ክርስትና የምታነሳት ሴት ናት! ያ ሁሉ ኩትኳቶ፣ ያ ሁሉ ማዛጋት...

«ምነው መምህር? ደስ አላለህም እንዴ?» አሉኝ አቶ በላቸው።

«ደስታው... ደስታው ነው ያፈዘዘኝ።»

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ ነው ያ ሐሳብ እንደ መብረቅ የወረደብኝ። የክርስትና እናቷ ባልስ ምን ይባላል? አበልጅ አይባልም? ይባላል! ሴት ልጅ ደግሞ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። እንደ ወንድ ልጅ በአርባ ቀን ቢሆን ኖሮ ጊዜው አይበቃኝም ነበር፤ ሰማንያ ቀን ግን ለታታሪ ሰው ሚስት ለማግባት በቂ ነው።

ሚስት የምትሆነኝን ለመፈለግ አልተቸገርሁም። የባልትና መምህርቷ ሙሉነሽ አለች፤ የወልቂጤ ልጅ ናት። እንደምንጋባ ሁለታችንም ከተስማማን ቆይተናል። መቼ የሚለውን ግን የወሰንሁት ብቻዬን ነበር፤ ከዝውውሩ በኋላ። ሮጬ ቤቷ ሄድሁ። ልብስ እያጠበች ነበር።

«ሙሉዬ፣ እንጋባ!»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ ተወልዶ ነው። ነገሩ ሦስት ነጥቦች አሉት። አንደኛ...»

«ቆይ ቆይ። የአቶ በላቸው ሚስት ምን ወለደች?»

«እሱ ሁለተኛው ነጥብ ነው።»

ያጠበችውን ሸሚዝ ጨምቃ ጨምቃ አንገቱን ልትበጥሰው ደረሰች። የራሷ ሸሚዝ ነበር፤ የጨመቀችው ግን እኔን ይመስለኛል።

«አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ወንድ ቢወለድ ኖሮ እስከ መቼ ነበር የምታስጠብቀኝ?»

ይህ ጥያቄ በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም።

«ለሁለታችን ብዬ እኮ ነው ሙሉዬ! አዲስ አበባ ስንገባ...»

«ስማኝ። ሽማግሌ ላክ። አባቴ እሺ ካለ አገባሃለሁ። ግን ለአቶ በላቸው ልጅ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ብቻህን ከተውኩህ የባሰ ነገር ታመጣለህ ብዬ ነው።»

«ልጅቷንስ... ታነሻታለሽ?»

«ወይ ጉዴ!» አለች። ግን ሳቀች። ሴት ልጅ ስትስቅ ነገሩ አለቀ ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በማን ላይ እንደምትስቅ መጠየቅ ደግ አይደለም።

ሽማግሌ አድርጌ የላክሁት አከራዬን ጋሽ ከድርን ነው። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በቡታጅራ ገበያ ቃላቸው የተከበረ ነው። ሁለት ጎረቤቶቻችንን አስከትለው ወልቂጤ ወረዱ። ሙሉነሽም ቀድማ አባቷ ቤት ገብታ ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ጋሽ ከድርን አስቀምጬ ጥድፊያው ለምን እንደሆነ በሚገባ አስረድቻቸዋለሁ። በሚገባ... እንደመሰለኝ።

ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኋቸው።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ከድር! እንዴት ሆነ?»

«ወአለይኩም ሰላም። ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ልቀመጥ። ወገቤ አልቋል።» ተቀመጡ። «ደጁ ላይ ቆምን፤ ግቡ አሉን፤ አንገባም፣ ጉዳይ አለን አልን። ሁሉም በወጉ ነው። ልጃችሁን ለልጃችን አልን። አባትየው ጨዋ ሰው ናቸው፤ እሺ አሉ።»

«እሰይ!»

«ቆይ። ሰርጉን ለመስቀል እናድርገው አሉ፤ ዘመዱ ሁሉ ከአዲስ አበባ ሲገባ። እኔ ደግሞ፣ አይ፣ እስከ መስቀልማ አይቆይም፣ ክርስትናው ይደርስብናል አልኳቸው።»

ጠጋ አልኋቸው።

«እንደዚህ ብለው... ነገሯቸው?»

«ታዲያ አንተ አይደለህ እንዴ ክርስትናው ሳይደርስ እያልክ ስትጨቀጭቀኝ የከረምከው?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰውየው ብድግ አሉ። የማን ክርስትና? አሉኝ። የሕፃኗ ነዋ፣ አልኳቸው። ወላሂ፣ እዚያ ቤት ዱላ መኖሩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው!»

ራሴን ይዤ ቁጭ አልሁ። የወልቂጤ ሰው በሙሉ ምን እያለ እንደሆነ ታየኝ።

«አይዞህ፣ ልጅቷ ራሷ ከጓዳ ወጥታ አስረዳች። የዲሬክተሩ ልጅ ናት፣ የእኔ አይደለችም፣ ሰውየው አበልጅ ለመሆን ቸኩሎ ነው አለች። አባትየው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ። ለአለቃው ልጅ ሲል ሚስት የሚያገባ ሰው ለሚስቱ ሲል ምን አያደርግ ይሆን! ብለው መረቁ።»

ሚያዝያ ሳያልቅ ተጋባን። ሰማንያው ቀን ሲሞላም ሙሉነሽ የአቶ በላቸውን ልጅ ታቅፋ አጥማቂው ካህን ፊት ቆመች። ማተቡ ሲታሰር ዓይኔን ጨፍኜ አዲስ አበባን አየሁ፤ የማታውን ክፍል፣ የዩኒቨርሲቲውን መብራት፣ ዲግሪዬን በመስታወት ተሰቅሎ። ዓይኔን ስገልጥ አቶ በላቸው ጉንጬን እያገላበጡ እየሳሙኝ ነው።

«አበልጄ! አበልጄ!»

ተሳካ! በሚቀጥለው ሰኞ ቢሯቸው ገባሁ።

«ግባ አበልጄ! ቁጭ በል። ሙሉነሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እንዲያው... የዝውውሩ ነገር እንዴት ሆነ ብዬ ነው።»

«እሱማ አለቀ። ስም አስተላልፌያለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አበልጄ! ውለታዎን መቼም...»

«የምን ውለታ? ያለፈው እኮ የመርጊያ ስም ነው።»

ወንበሩ ባይኖር ኖሮ መሬት ነበርሁ።

«መርጊያ! በስብሰባ ሁሉ የሚዘልፍዎት መርጊያ?»

«ለዚሁ ነዋ! ስንት ጊዜ አናቴን አዞረው! ይሂድና ደግሞ የሌላ ሰው አናት ያዙር።»

«እኔስ?»

አቶ በላቸው ከወንበራቸው ተነሡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍቅር ነው፣ እውነተኛ ፍቅር።

«አንተ? አንተማ ዘመዴ ነህ! ዘመዱን ከጎኑ የሚያባርር ምን ያለ አረመኔ ነው? የልጄ ክርስትና እናት ከዚህ ወዴት ትሄዳለች? እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ከቡታጅራ ንቅንቅ አትሉም!»

መርጊያን አውቶቡስ ተራ ሸኘሁት። በመስኮቱ ብቅ ሲል አላስቻለኝም።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ምን ብታደርግላቸው ነው?»

«ምንም። ተጣላኋቸው፣ በቃ።»

አውቶቡሱ ሄደ። እኔም አቧራውን ጠጥቼ ተመለስሁና ለሙሉነሽ ነገርኋት።

«ታዲያ አንተም ተጣላቸዋ!» አለችኝ።

መምህር ነኝና ይህንንም በሚገባ ተዘጋጀሁበት። በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ፣ መምህራን ሁሉ ተሰብስበው ሳሉ፣ እጄን አወጣሁ። ተነሣሁና፣ «ዲሬክተራችን ሥራቸውን አያውቁም! ሰነፍም ናቸው!» አልሁ። አንዱ መምህር ሳል ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። አቶ በላቸው ቀስ ብለው ተነሡ፤ ወደ እኔ መጡ፤ ደረሱ... አቀፉኝ!

«አያችሁ?» አሉ ለተሰብሳቢው፣ እንዳቀፉኝ። «አበልጅ ማለት ይህ ነው! እናንተ ፊቴ ላይ ታሞጋግሱኝና ከኋላዬ ታሙኛላችሁ። እሱ ግን ዘመድ ስለሆነ ጉድለቴን ፊት ለፊት ነገረኝ!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከመካከላቸው የማንንም ዓይን ማየት አልቻልሁም።

እንግዲህ ምክሬ ይኸውና። ከሰው ጋር ተግባቡ፣ ተዛመዱ፣ መልካም ነው። ግን ልትለዩት ከምትፈልጉት ሰው ጋር አትዛመዱ። የእኔ አልፏል። ጭብጨባው ሲበርድ አቶ በላቸው ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው፣ «ሙሉነሽ ነፍሰ ጡር መሆኗን ዘነበች ነገረችኝ» አሉኝ። «ከአሁኑ እንዳትጨነቅ፣ አበልጄ። ወንድ ከሆነ የማነሳው እኔ ነኝ። ሴት ከሆነች ደግሞ ዘነበች አለች!»