ሰይድ ያመነው እምቢታ

እናንተ አገር እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እኛ መካነ ሰላም ግን «በልቻለሁ» የሚል ሰው አይታመንም። ሰውየው ከሰርግ ቤት ጠግቦ ወጥቶ፣ ቀበቶውን አላልቶ ቢመጣም አይታመንም። «ወላሂ በልቻለሁ» ይላል። «በሞቴ» ይባላል። «እዚህ ድረስ ነኝ» ብሎ አንገቱን ያሳያል። «እንግዲያው ቅመስ» ይባላል። ሦስተኛው ላይ እጁን ይታጠባል። ከዚያ በኋላ አጎራረሱን ብታዩ ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ነው የሚመስለው።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር ነበር። ያከራዩት ሽማግሌ ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ሲሉ «ይብሉ» አላቸው። እሳቸውም እንደ ወጉ «በልቻለሁ ልጄ» አሉ። ልጁ «እሺ» አለና ብቻውን በላ! እፊታቸው! ሽማግሌው አልሰደቡትም። ለሰፈሩ ሰው «ምስኪን፣ እናቱ በልጅነቱ ሞታበት መሆን አለበት» ብለው ብቻ አዘኑለት። የልጁ እናት ግን በሕይወት ነበረች፤ እንዲያውም በወሩ ልትጠይቀው መጥታ ሰው ሁሉ ደነገጠ።

ይህን ያነሳሁት ስለ ምሳ ላወራ አይደለም። ስለ ፖከር ነው። አትሳቁ፣ ይገናኛል።

ሰይድ የሚባል ጓደኛ አለኝ። ኩዌት ሾፌር ሆኖ ሲሠራ ኖሮ ተመለሰ። ሌላው ከኩዌት ሲመለስ ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ ሰይድ ፖከር ይዞ መጣ። አብሮት ያድር የነበረ ፊሊፒኖ ነው ያስተማረው። በኢንተርኔት የሚጫወትበትን አካውንት ከፍቶ፣ ሳንቲም ብጤም ጨምሮበት ሸኝቶታል። ለማያውቅ ላስረዳ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በድብቅ ይሰጠዋል። መሀል ላይ ደግሞ አምስት ካርታ ለሁሉም ይገለጣል፣ በአንዴ ሳይሆን እያረፈ። በየመሀሉ ሰው ገንዘብ ይጨምራል። ሲጨመርበት ወይ ከፍሎ ይቀጥላል፣ ወይ ካርታውን ይጥላል፣ ወይ እሱም ይጨምራል። መጨረሻ ላይ የቀሩት ይተያያሉ። በቃ ይኸው ነው። የሚጫወቱት በሳንቲም ነው፤ አንዱ ብራዚል፣ አንዱ ሩሲያ፣ ሰይድ ደግሞ መካነ ሰላም ቁጭ ብሎ። ሰይድ «በሳንቲም ከሆነ ቁማር አይባልም» ይል ነበር። ይህን ፈትዋ ከየት እንዳገኘው አልጠየቅኩትም። መስጊድ አካባቢ ግን ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም።

በዚያን ጊዜ ከተማችን ውስጥ ያለችው አንዲት ኢንተርኔት ቤት ነበረች። ስብሰባ የበዛበት ዘመን ነው። እኛ መምህራን ጠዋት አስተምረን ከሰዓት በኋላ ስለ አንድ ለአምስት አደረጃጀት እንሰበሰባለን። ስብሰባ በሌለ ቀን እኔ እዚያች ቤት ሄጄ ሰይድ ጎን እቀመጣለሁ። መብራት እስኪጠፋ ድረስ እናያለን። መብራቱም ቢሆን የሚጠፋው ጥሩ ካርታ እስኪመጣልን እየጠበቀ ነበር።

የሰይድ ችግር ምን መሰላችሁ? መጣል አይችልም። ብራዚላዊው ሲጨምር ይከፍላል። ሩሲያዊው ሲጨምር ይከፍላል። እጁ ላይ የያዘው ለምንም የማይሆን ካርታ ሆኖም ይከፍላል። ለምን ስለው ሰው አክብሮ ጋብዞኝ እንዴት ጥዬ እነሳለሁ አለኝ። ጥሩ ካርታ ሲመጣለት ደግሞ አይጨምርም፤ ሰው እንዳይከፋበት። አንድ ቀን ሦስት ንጉሥ ተገጣጥመውለት ትንሽዬ ሳንቲም ወረወረ። ምን ነካህ ብዬ ጮህኩ። ልጁ ዛሬ ብዙ ተበልቷል፣ አሳዘነኝ አለ። ልጁ ማን እንደሆነ፣ የት አገር እንዳለ አናውቅም። ፎቶው ላይ ያለችው ድመት ናት!

እኔ ደግሞ ነገር ሲበላሽ ዝም ብሎ ማየት አልችልም። ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው፤ ግን ያገኘሁትን ሁሉ ካላስተማርኩ ያመኛል። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት የተማርኩትን አመጣሁ። ግምገማ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ቁጭ እንላለን። ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን። «ይሉኝታ አለብህ» እለዋለሁ። «አለብኝ» ይላል። «በምን ታስተካክለዋለህ?» እለዋለሁ። «በሂደት» ይላል። እኔም በስብሰባ ላይ ስጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ቀልድ ይመስላል እንጂ እየቆየ ሠራ። መጀመሪያ መጥፎ ካርታ ገና እንደተሰጠው፣ ሳይሞቀው እንዲጥል አስያዝኩት። ቀጥሎ ስለ ተራ አወራን። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ትልቁ ሰው መጨረሻ የሚናገረው ለምን ይመስልሃል አልኩት። ሌላው ያለውን ሁሉ ሰምቶ ስለሚናገር አይደል? አንተም ተራህ የመጨረሻ ሲሆን ድፈር፣ መጀመሪያ ስትሆን ተቆጠብ። ይሄ ወዲያው ገባው። ጥሩ ካርታ ሲይዝ ደህና አድርጎ እንዲጨምር ማሳመኑ ግን አደከመኝ። በሳንቲም የሚጫወት ሰው እኮ የሌላውን ካርታ ለማየት ሲል ይከፍላል፣ እንደሚበላ እያወቀም ይከፍላል፣ ለዚህ አንተ ራስህ ምስክር ነህ አልኩት። እዚህ ላይ ሳቀና እጁን ፈታ።

ትልቁ ሕጋችን ግን ሌላ ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ብኮራበት አይፈረድብኝም። በሳንቲም የሚጫወት ሰው አያስመስልም። ሲጥል የዋለ ዝምተኛ ሰው ድንገት ብድግ ብሎ ብዙ ከጨመረ፣ ጥሩ ካርታ ይዟል። አትመራመር፣ ጣል። ሰይድ ይህችን ሕግ እንደ ዱዓ በቃሉ ያዛት። በማይረባ ካርታ ይከፍል የነበረው ሰው አሁን «ይሄ ዝምተኛ ነው፣ ይዟል» እያለ ሲጥል ይውላል። መጀመሪያ ከፊሊፒኖው የመጣችው ሳንቲም ማለቋን ትታ ቀስ በቀስ ማደግ ጀመረች። እኔም ደረቴን ነፍቼ መሄድ ጀመርኩ።

ታዲያ በዚህ መሀል ሰይድ ፋጡማን ወደደ። ፋጡማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የሀጂ ይማም ልጅ ናት፣ የእኔም የድሮ ተማሪ። ጸጥ ያለች ልጅ ነበረች። ክፍል ውስጥ እጅ አውጥታ አታውቅም፤ ፈተና ሲመለስ ግን የሚቀድማት የለም። ሰይድን በየሳምንቱ ራሱን ያመው ጀመር። መድኃኒት ቤት የሚያስኬድ ዓይነት ራስ ምታት። እሷም እንደምትወደው ከተማው በሙሉ ያውቃል። የቀረው ሽማግሌ መላክ ነበር። «ይህች ካልሆነችልኝ ተመልሼ ኩዌት እሄዳለሁ» ብሎኛል። ሲለኝ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ጥምጣም ያሰሩ ሁለት ትልልቅ ሰዎችና እኔ። ከእስላሙ ሽማግሌ መሀል አንድ ክርስቲያን መጨመር እኛ ዘንድ ያለ ነው፣ ያምራል ይባላል። ሀጂ ይማም በገበያው የታወቁ ለስላሳ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ቆሞ ለሚለምናቸው ሁሉ መልሳቸው «መርሐባ» ነው፤ እምቢ አያውቁም። ቤታቸውም ልዩ ወግ አለው፤ እንግዳ ሲሸኝ በር ላይ ያወለቀው ጫማ ተጠርጎ ይቀርብለታል። ተቀመጥን፣ ዱዓ ተደረገ፣ ጉዳያችንን አቀረብን። ሀጂ ይማም ጢማቸውን ያዝ አደረጉና የምሰጣት ልጅ የለችኝም አሉ። ቁርጥ አድርገው። እኛም አመስግነን፣ የተጠረገ ጫማችንን አጥልቀን ወጣን።

ደስ ብሎን ነው የወጣነው! በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁን አቀለላት ይባላል። ሁለተኛ ይኬዳል፣ ሦስተኛ ይኬዳል፣ ከዚያ ይመረቃል። ይህን የማያውቅ የለም። እንዲያውም ጓሮ በኩል አንድ የታሰረ ሙክት አይቻለሁ፤ ለእኛ እንደሆነ ጠርጥሬ ደህና አድርጌ ነበር ያየሁት።

ሰይድ ኢንተርኔት ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። ምን አሉ አለኝ። እምቢ አሉ አልኩት እየሳቅኩ። ፊቱ ጠቆረ። ሀጂ ይማም ለሰው እምቢ ብለው ያውቃሉ ብሎ ጠየቀኝ። አያውቁም አልኩት። ዝምተኛ ናቸው? ናቸው። ዛሬ ድንገት ብድግ አሉ ማለት ነው?

«ይዘዋል» አለ። «ጣልኩ።»

ይሄ እኮ ካርታ አይደለም፣ ወግ ነው አልኩት። ወላጅ ነው፣ ማለት ስላለበት ነው ያለው አልኩት። ሕጉን ማን አወጣው አለኝ። አትመራመር ያለኝስ ማነው አለኝ። ተማሪ ያስተማርኩትን አንድም ሳያጎድል ሲመልስልኝ ምን ልበል?

ሳምንት አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ሙክቱ ታስሮ ሰባ። ሀጂ ይማም በር በር እያዩ ነው ተባለ። ለአንዱ ሽማግሌ «ዕድሜዬን ሙሉ እምቢ ብዬ አላውቅ። አንዴ ለወጉ ብል ሰው አመነኝ» ብለው አዝነዋል አሉ። ሰይድ በበኩሉ ደሴ ወርዶ የጉዞ ወረቀት ማጠያየቅ ጀመረ። ይሄኔ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። በአንዲት የሳንቲም ሕግ ሁለት ሰው ሊለያይ ነው።

አንድ ቀን የሳል ሽሮፕ ልገዛ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ፋጡማ «ቲቸር፣ ጓደኛዎ ራሱን ተሻለው?» አለችኝ። ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? ፖከር ነው ብል ሀጂ ጆሮ ይደርሳል፤ ቁማርተኛ ከተባለ ደግሞ በቃ፣ አበቃለት። ሽሮፑን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና፣ ቀና ሳትል፣ «እንግዲያው ይንገሩት» አለች። «ሐሙስ ከአቀስታ ሽማግሌ ይመጣል። አባቴ ሰው ማሳዘን እንደማይወዱ ያውቃሉ።»

ሳሌን ረስቼ ሮጥኩ። ሰይድ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሏል። ነገርኩት። ወዲያው ግምገማ ተቀመጥን። ፋጡማ ዝምተኛ ናት? ናት። ስታስመስል ያየ አለ? የለም። ስለዚህ የአቀስታዎቹ በእርግጥ ይመጣሉ፣ ሀጂም ይሰጣሉ፣ ሕጉም ጣል ይላል። ሰይድ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ስክሪኑ ላይ ተራው ደርሶ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ብራዚላዊው ይጠብቃል። ተራው አለፈው።

«እሷ ናት እኮ ጌታቸው» አለኝ። «እሷን እንዴት ነው የምጥላት?» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ለማየት እከፍላለሁ። ሕጉን አንተ ያዘው።»

ረቡዕ ሄድን። ሀጂ ይማም ፊታቸው በርቶ እምቢ አሉን። ሐሙስ ጠዋት ተመለስን። እሺ አሉን፣ ተመረቀ፣ ሙክቱም ዕረፍት አገኘ። ቀኑን ሙሉ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። ከአቀስታ የመጣ ነገር ቢኖር እህል የጫነ አይሱዙ ብቻ ነው።

ከሰርጉ በኋላ ሰይድ ፖከሩን ተወ። በቅርቡ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ቤታቸው ጎራ አልኩና ፋጡማን ስለ አቀስታ ሽማግሌዎች ጠየቅኳት። «የትኞቹ ሽማግሌዎች ቲቸር?» አለችኝ። ሰይድ ለካ ሁሉን ነግሯታል፤ ፖከሩን፣ ግምገማውን፣ በሳንቲም የሚጫወት አያስመስልም የሚለውን ሕግ ማን እንዳወጣውም ጭምር። «ሕጉስ ልክ ነው» አለች በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ። «እኔ የተጫወትኩት በሳንቲም አልነበረም።»

ከጓዳ የበግ ወጥ ሽታ መጣ። ምሳ ይብሉ አለችኝ። እንደ ወጉ በልቻለሁ አልኳት።

«እሺ» አለችና ገባች።

ሰይድ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። እኔ ማሰላሰል ያዝኩ። ዝምተኛ ልጅ ናት፣ ከልቧ ይሆን? ግን እኮ ከዚህ በፊት አስመስላለች። ደግሞ ወጡ ይሸታል። ተነስቼ ልሂድ? አይሆንም አልኩ፤ ለማየት ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ መጋረጃው ተገለጠና ፋጡማ ፈገግ ብላ፣ በሁለት እጇ ይዛ መጣች።

ጫማዬን ጠርጋ አምጥታልኝ ነበር።