ጋሽ ለምን በሰው አገር ማሳ

ስብሰባ ሁሉ ሊያልቅ ሲል እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አለው። ሰብሳቢው ወረቀቱን ሰብስቦ፣ ሰዉ ኮቱን ለብሶ፣ ግማሹ በር ላይ ደርሶ እያለ፣ "አንድ አጭር ጥያቄ ነበረችኝ" ይላል። ጥያቄዋ አጭር ሆና አታውቅም። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ሳይመደብ አልቀረም፤ ለእኛ ግብርና ቢሮ የደረሱን ክቡር ጋሽ ለምን ናቸው።

ክቡርነታቸው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። የሰሙት ዕለት "ለምን እንደዚህ አላችሁኝ?" ብለው ጠየቁ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ለልምድ ልውውጥ ውጭ አገር ስንላክ የቡድኑ መሪ እኔ ነበርኩ። ሥራችን ኦርጋኒክ እርሻን በማዳበሪያና በመድኃኒት ከሚለማው ጋር ማወዳደር ነው። እኔ ግን ከቢሮው ትእዛዝ የከበደ የቤት ጣጣም ይዤ ነበር። ገበሬው ታላቅ ወንድሜ፣ "ማዳበሪያውን ልተወው ወይስ ልቀጥል? አንተ ያልከኝን ነው የማደርገው" ብሎኛል። እሱ አደርጋለሁ ካለ ያደርጋል። አራት ልጆቹ የሚበሉት ደግሞ ከዚያችው ማሳ ነው።

ገና አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፓስፖርት ተመልካቹ "ለምን መጡ?" ሲላቸው የጋሽ ለምን ፊት በራ፤ የሙያ አጋር ያገኙ መሰላቸው። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ ወደ ሌላ መስኮት ተዛወረ። በማግስቱ ቁርስ ላይ አስተናጋጇን እንቁላሉን የጣለችው ዶሮ ምን እንደምትበላ ጠየቋት። ልጅቷ ሥራ አስኪያጁን ጠራች፤ ሥራ አስኪያጁ ወጥ ቤቱን ጠራ፤ እኛ አውቶቡስ ውስጥ ሆነን ጡሩንባ እናስነፋ ነበር።

ልንጎበኘው የመጣነው ኦርጋኒክ እርሻ ጋ ስንደርስ አውቶቡሱ ግራና ቀኙ ስንዴ በሆነ ጠባብ መንገድ ላይ ቆመ። አስተርጓሚያችን ባለቤቶቹን ልትጠራ ሄደች። በአንድ በኩል ያለው ስንዴ እንደተበጠረ ጸጉር የተስተካከለ ነው፤ በሌላው በኩል አረሙም አበባውም ተቀላቅሏል። ባለሙያዎች ነንና አስተርጓሚ አልጠበቅንም፤ ወደተበጠረው ዘው ብለን ገባን።

"ተፈጥሮ ስትከበር እንዲህ ናት!" አለ የአፈር ባለሙያችን።

እኔ እፍኝ አፈር አንሥቼ አሸተትኩና "ሕይወት ሕይወት ይላል" አልኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ጋሽ ለምንም የራሳቸውን እፍኝ አፍንጫቸው ሥር ይዘው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ከዚያ ግን፣ "ለምንድነው አንድም አረም የሌለው?" አሉ።

"ጋሼ፣ እባክዎ፣ ይቺን እንኳን ይለፉልን!"

ይህን ብዬ ሳልጨርስ መድኃኒት መርጫ የሚጎትት ትራክተር ከማሳው ጫፍ ብቅ አለ። ሰውዬው ከላይ ሆኖ አየን፣ ሳቁን ዋጥ አደረገና በጣቱ የመንገዱን ማዶ አሳየን። አፈራችንን አራግፈን ተሻገርን።

የኦርጋኒኩ እርሻ ባልና ሚስት ሲበዛ ደጎች ናቸው። ሰውዬው እንፋሎት የሚያወጣውን የፍግ ክምር አሳየን፤ ስለ ትሎቹ ሲያወራ ስለ ልጆቹ የሚያወራ ይመስላል። እኔም ልቤ ተሸነፈ፤ ለወንድሜ "ተወው፣ ማዳበሪያ ይቅርብህ" ልለው ቆረጥኩ። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ተሰናብተን ልንወጣ ስንል ጋሽ ለምን እጃቸውን አወጡ። በሆዴ ረገምኳቸው።

"አንድ አጭር ጥያቄ። ማዳበሪያውን እንደተዋችሁ ምርቱ መቀነሱ አይቀርም። መሬቱ እስኪያገግም ልጆቻችሁን ምን አበላችኋቸው?"

አስተርጓሚዋ እያፈረች ተረጎመች። ባልየው ሚስቱን አየ። ሚስቱ ሳቋ መጣ።

"ባሌ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ጋ ተቀጠረ" አለች። "ያኔ መርጫውን የሚነዳው እሱ ነበር። ቀን የጎረቤቱን መድኃኒት ሲረጭ ይውልና ሲመለስ የኛን ፍግ ያገላብጥ ነበር።"

"ይሄንን እንኳን ለእንግዳ አናወራውም" አለ ባልየው፣ ጆሮው ቀልቶ።

"ማን ጠይቆን ያውቃል?" አለች።

ድንጋጤው እስከ ሆቴል አለቀቀኝም። ወንድሜ የሚቀጥረው ጎረቤት የለውም። እንደገባን ደወልኩለት።

"ማዳበሪያውን እንዳትተው። አንድ ጥግ ብቻ ለይተህ በፍግ ሞክር።"

"የቱን ጥግ?"

ስልኩን ለጋሽ ለምን ሰጠኋቸው። ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ከብቶቹ የት እንደሚያድሩ፣ ከቤተሰቡ ማን ጎንበስ ብሎ ማረም እንደሚችል ጠየቁት። ራቴን በልቼ ስጨርስ የእሳቸው ራት ፊታቸው ቀዝቅዟል፤ እሳቸው አሁንም "እሺ፣ ለምን?" ይላሉ። በመጨረሻ ከበረቱ በታች ያለችውን ቁራጭ መረጡለት፤ ፍጉን ብዙ ሳይሸከም እንዲያደርስ፣ ባይሳካ ደግሞ የልጆቹን ጉሮሮ እንዳይነካ።

ስልኩን ስቀበል የወንድሜ ድምፅ ቀሎታል።

"ስማ፣ ስለ ማሳዬ እንዲህ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስትመለሱ ይዘሃቸው ና።"

"እሺ፣ እንመጣለን።"

"አንተ እንኳን ካልተመቸህ ግድ የለም" አለኝ። "እሳቸውን ብቻ ላክልኝ።"

እውነቴን ነው፣ ቅር አላለኝም። እኔም ብሆን እሳቸውን ነበር የምጠራው።