ቀለም ያልነካት ብዕር

አምሐ፦ እጅህን ሳትታጠብ አትንካት አልሁህ።

ገድሉ፦ ታጥቤያለሁ።

አምሐ፦ በሳሙና?

ገድሉ፦ በጣና።

[ጣና ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር፣ አምሐ ቤት። አምሐ የማያውቀው ነገር የለም፤ አለማወቁን ካልሆነ በቀር። ከአራት ዓመት በፊት ባጃጁን ሸጦ በተወሰነ ቁጥር ብቻ የተሠራች ውድ የቀለም ብዕር ገዛ፤ ዋጋዋ ሲያድግ ሸጦ ለሚወዳት ለሥርጉት ሽማግሌ ሊልክ። ሥርጉት ግን እስከ ፋሲካ እንጂ ከዚያ ወዲያ አልጠብቅም ብላዋለች። ዛሬ ከአዲስ አበባ ገዥ ተገኘ። የአጎቱ ልጅ ገድሉ የብራና ጸሐፊ ነው፤ ጠዋት ከቁንዝላ በጀልባ መጥቶ፣ የጀመረውን ዳዊት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል።]

ገድሉ፦ እንደው ለመሆኑ፣ ትጽፋለች?

አምሐ፦ ጽፋ አታውቅም። ቀለም ከነካት ዋጋዋ በግማሽ ይወርዳል።

ገድሉ፦ የሚገዛት ሰውዬስ ምን ሊጽፍባት ነው?

አምሐ፦ ምንም። አስቀምጦ ለሌላ ይሸጣታል።

ገድሉ፦ ሌላውስ?

አምሐ፦ እሱም ለሌላ።

ገድሉ፦ [የመቃ ብዕሩን ጫፍ በካራ እየቀረጸ] እና መጨረሻ ላይ የሚጽፍባት ማን ነው?

አምሐ፦ የሚጽፍማ ደሃ ነው። አንተ በዓመት ስንት መቃ ትጨርሳለህ?

ገድሉ፦ እኔ እንጃ። ሲደንዝ እቀርጸዋለሁ፤ ሲያልቅ ከሐይቁ ዳር ሌላ እቆርጣለሁ።

አምሐ፦ አየህ፣ ያንተ እየጻፈ ያልቃል፤ የእኔ ተቀምጣ ታድጋለች። በዓለም አምስት መቶ ብቻ ናቸው የተሠሩት። ይች ሠላሳ ሰባተኛዋ ናት።

ገድሉ፦ የእኔማ አንድ ብቻ ናት።

[አምሐ ከት ብሎ ሳቀ። ስልኩ መልእክት አስገባ፤ ሲያነበው ሳቁ ቀረ።]

አምሐ፦ ሰውዬው ተመሳስሎ የተሠራ በዝቷል ይላል። ጽፋ ካላየኋት አልገዛም፣ ፎቶ ላክልኝ አለ።

ገድሉ፦ ዋጋዋ አይወርድም?

አምሐ፦ ራሱ ከጠየቀማ አይወርድም። ቀለም ግን የለኝም። [ዓይኑ የገድሉ የቀለም ቀንድ ላይ አረፈ] ያንተ አለ።

ገድሉ፦ የእኔ ቀለም እኮ...

አምሐ፦ የአባቶች ቀለም ነው። ሰውዬው ሲያየው ይጨምርልኛል።

ገድሉ፦ እሱስ ልክ ነህ፤ ነገር ግን...

አምሐ፦ ገድሉ፣ የብዕር ነገር ለእኔ ተወው።

[ገድሉ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ወደ ዳዊቱ ተመለሰ። አምሐ ስልክ ላይ እንዳየው ቀለሙን ሞላና ስሙን መጻፍ ጀመረ። «አ» ወጣች፤ «ም» ግን እምቢ አለች። አራገፋት፣ ተነፈሰባት፣ ለመናት።]

አምሐ፦ ምን ሆነች?

ገድሉ፦ ታነቀች። የእኔ ቀለም ጥቀርሻና ሙጫ ነው። መቃ ብትደፈን በካራ ትቀረጻለች፤ ይች ግን ጉሮሮዋ የፀጉር ያህል ነው።

አምሐ፦ ምነው ሳትነግረኝ?

ገድሉ፦ ተወው አልኸኝ፤ ተውሁት።

[አምሐ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ያችኑ አንዲት «አ» ከብዕሯ ጋር ፎቶ አንስቶ ላከ፤ ገድሉ ያስቀመጣት መቃም አብራ ገባች። መልሱ ወዲያው መጣ።]

አምሐ፦ [እያነበበ] «ብዕሯ ተበላሽታለች፤ ይቅርብኝ። ከጎኗ ያለችው መቃ ግን ስንት ናት? ብዙ የጻፈች ትመስላለች።» የሚሰጠው ገንዘብ ሁለት የባጃጅ ጎማ ይገዛል።

ገድሉ፦ ጥሩ ነው እኮ።

አምሐ፦ ጥሩ ነው? ሙሉ ባጃጅ ሸጬ አራት ዓመት በእግሬ ሄድሁ፤ አሁን ሁለት ጎማ፣ ያውም ባንተ ሸምበቆ። ደግሞ ራሴን ነጋዴ እላለሁ። ለሥርጉት ምን እላታለሁ?

[ገድሉ የአጎቱን ልጅ ፊት አየ። ከከረጢቱ አዲስ መቃ አውጥቶ ቀረጸ፤ ከአሮጌዋ ጋር ሁለቱን አቀበለው።]

ገድሉ፦ በአዲሷ እውነቱን ጻፍላት። አሮጌዋን ሽጣት። በእሷ ግን አደራ፣ እንዳትጽፍ፤ ዋጋዋ ይወርዳል።